የሄደው ልጅ ድርሻ

ዓለምዘውድ ሰውየውን ከነቅቤው መለሰችው። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ቀኑ የዐረፋ ማግስት ነበር፤ 2004 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ዓለምዘውድ ቡታጅራ ውስጥ የታሪክ መምህር ናት። ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋቱን ብቻዋን ቤት ተቀምጣ በቀይ እስክሪብቶ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ታርማለች። አክስቷ እትዬ ዘርፈሽዋል ልቅሶ ሄደዋል። የአጎቷ ልጅ ሩቲ ገበያው ዳር የስፌት መኪናዋ ላይ ናት።

«ቤቶች!» አለ ከደጅ አንድ ድምፅ።

ሀያቱ ነበር። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ነው የሚመጣው፤ ሃምሳውን ያለፈ፣ ቆፍጣና ገበሬ ነው። በየዓመቱ ዐረፋ ባለፈ በማግስቱ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤና ቆጮ በዘንቢል ይዞ ይመጣል። ከእሱ በፊት አባቱ ያመጣ ነበር፤ ከአባቱም በፊት አያቱ። በዚህ ቤት ስሙ «የባሻ ግብር» ይባላል።

«ሩቲ የለችም?» አለ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ።

ይህን ባይል ኖሮ ምናልባት ቅቤውን ትቀበለው ነበር።

«ሩቲ ሥራ ላይ ናት። እኔም እኮ የዚሁ ቤት ልጅ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። መምህሯ።» ፈገግ አለ። «ሩቲ በኛ ቋንቋ ታጫውተኛለች፤ አማርኛ ያደክመኛል። እትዬስ?»

«የሉም። ጋሽ ሀያቱ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።» ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። «ከእንግዲህ ይህን አያምጡ። መሬት ላራሹ ከታወጀ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኗል። እናንተ የማንም ገባር አይደላችሁም። ግብር የለባችሁም።»

ሀያቱ ዘንቢሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ግብር?» አለ።

«አዎ፣ ግብር።»

«እትዬ ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ትንሽ አያት። ከዚያ ቀና ብሎ የቤቱን ጣሪያ አየ፣ መልሶም መሬቱን። «እሺ» አለ። «እሺ እንግዲህ። ሩቲን ሰላም በያት።»

ዘንቢሉ እንደሞላ ወደ ኮረብታው ተመለሰ። ዓለምዘውድም ወደ ፈተናዋ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ታሪክ ከማስተማር አልፋ የሠራችውም መስሏት ነበር።

የሚያንገበግባት ግን ግብሩ አልነበረም። የሚያንገበግባት ሩቲ ነበረች።

የእትዬ ዘርፈሽዋል አያት ባሻ ደምሰው በምኒልክ ዘመን ጠመንጃ ይዘው ከዘመቱት፣ መሬትና ገባር ተሰጥቷቸው እዚህ አገር ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበሩ። ጥያቄው ከየት መጡ፣ የማንስ ልጅ ናቸው የሚለው ነው። ቤተሰቡ ከመንዝ ይላል። ቡኢ ያሉ ዘመዶች ከተጉለት ይላሉ። ገበያ ውስጥ ደግሞ ቀስ ተብሎ የሚወራ ሦስተኛ ወሬ አለ፦ ባሻ እዚሁ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው የሄዱ ናቸው የሚል። ይህን ቤተሰቡ የምቀኛ ወሬ ይለዋል።

ባሻ ትተውት ያለፉት አንድ የብራና ዳዊት ቁምሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበት አለ። በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ በደብተራ ያስጻፉት የልጆቻቸው የክርስትና ቀን ተዘርዝሯል። ከዝርዝሩ በላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «እኔ ደምሰው የ»፤ ከዚያ ለአንድ ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ፤ ከዚያ «ልጅ ይህን ዳዊት በሁለት ላም ገዛሁ።» ደብተራው ስሙን ሲነግሩኝ እጽፋለሁ ብሎ ቦታ ትቷል። ባሻ አልነገሩትም። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

እትዬ ዘርፈሽዋል ልጅ አልወለዱም። ባለፈው ፋሲካ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «ቤቱን እኔ ስሞት በሕግ ትካፈሉታላችሁ» አሉ። «ዳዊት ግን አይከፈልም። ይቺን ባዶ ቦታ የሞላ፣ ዳዊቱ የእሱ ነው።»

ዓለምዘውድ ይህን እንደ ኑዛዜ አልሰማችውም። የእኔ ልጅ ማን እንደሆነች እናገራለሁ የሚል ቃል ሆኖ ነው የገባት። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አዲስ አበባ ሌላ ትዳር መሠረተ። ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ በምረቃዋ ቀን አዳራሹ ውስጥ ተነሥተው እልል ያሉት እትዬ ናቸው። እናት የምትለው ሌላ ሰው የላትም።

ሩቲ ከቡኢ የመጣችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ አሥረኛ ክፍልን ወድቃ፣ «ለጊዜው» ተብሎ። ለጊዜው የመጣ ሰው ደግሞ የሚወጣበትን ቀን የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ የቁምሳጥኑ ቁልፍ ከእትዬ አንገት ወደ ሩቲ አንገት ተሻገረ። ቀጥሎ የእትዬን ራስ ቅቤ የምትቀባው ሩቲ ሆነች። ሩቲ «ሩትዬ» ናት፤ ዓለምዘውድ «መምህርት» ናት። መምህርት የሚለው ቃል በዚያ ቤት እንደ እንግዳ ወንበር ነው፤ ይከበራል እንጂ ማንም አይደገፈውም። ዓለምዘውድ ይህን ሁሉ እያየች ዝም ትላለች፤ ዝም ባለች ቁጥር ይብስባታል። የባሰው ደግሞ ሩቲ አለመቅናቷ ነው። የሚቀኑበት ሰው መልሶ ቢቀና እኮ ትንሽ ያሳርፋል።

ስለዚህ ዳዊቱን የራሷ ለማድረግ ቆርጣ ተነሣች። በክረምቱ ዕረፍት መንዝ ወጥታ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ሦስት ሳምንት ሽማግሌ ጠየቀች። አንድ የተከበሩ አዛውንት ባሻ ደምሰውን አወቋቸው፤ ሰባት ትውልድም ቆጠሩላት። ደምሰው ቦጋለ፣ ቦጋለ ወልደማርያም፣ እያሉ እስከ ላይ። በኮምፒውተር ተየበችው፤ ወልቂጤ ድረስ ወስዳም በዞኑ ለሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ አሳየችው። «ንጹሕ ሥራ ነው» አላት።

እንቁጣጣሽ ዕለት ለቤተሰቡ አነበበችው። የሩቲ አባት፣ የእትዬ ታናሽ ወንድም ጋሼ ኃይሌ፣ ከቡኢ መጥተው ነበር።

«ቦጋለ አልሽ?» አሏት።

«አዎ፣ ጋሼ። ቦጋለ።»

«የቡኢው ቦጋለ እንዳይሆን ብቻ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «እኔ እኮ ነኝ የነገርኳቸው! የዛሬ ዘጠኝ ዓመት መንዝ ድረስ ጋቢ ይዤላቸው ሄጄ፣ ደምሰው የማን ልጅ ነው ብላቸው፣ አንተ አታውቅም እንዴ አሉኝ። አፈርኩ። ሰው የቅድመ አያቱን ስም አላውቅም ይላል? የጎረቤቴን አባት ስም ሰጠኋቸው! ከቦጋለ በላይ ያለውን እነሱ ሞሉት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሰውን ባዶ እጁን አይመልሱም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሩቲም ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች። ዓለምዘውድ ሳቁን አየች፤ እጇን አላየችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሀያቱ ቅቤውን ይዞ ሲመጣ ይህ ከሆነ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር።

ራት ላይ ነገረቻቸው።

«ዛሬ ሰው ነፃ አወጣሁ» አለች። «እነ ሀያቱን። ከእንግዲህ ግብር አታምጡ አልኳቸው።»

እትዬ ሊጎርሱ ያነሡትን መልሰው አስቀመጡ። «ዘንቢሉንስ?»

«ይዞት ሄደ።»

«ባዶውን?»

«እንደመጣ። ሞልቶ።»

እትዬ እጃቸውን ታጠቡ። ገና ሦስት ጊዜ እንኳ አልጎረሱም ነበር። «ሰው ወደ ቤቴ ይዞ የመጣውን ተሸክሞ ሲመለስ የመጀመሪያው ነው» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

«እትዬ» አለች ሩቲ፣ «ግን ግብር ከሆነ ለምንድነው ዘንቢሉን ሁልጊዜ ሞልተን የምንመልሰው?»

እውነቷን ነው። ከዚያ ቤት ዘንቢሉ ባዶውን ወጥቶ አያውቅም። ስኳር ይገባበታል፤ ሳሙና ይገባበታል፤ አንዳንድ ዓመት የቀሚስ ጨርቅ። የእትዬ እናትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ዓለምዘውድ ሦስት ዓመት ስለ ባላባትና ገባር ተምራለች፤ ለገባሩ ስኳር ጠቅልሎ ስለሚመልስ ባላባት ግን ያስተማራት የለም።

«ባህል ነው» አለች። «ፊውዳሉ ቸር ለመምሰል ይሰጥ ነበር።»

«ማነው ፊውዳሉ? እኛ ነን?» አለች ሩቲ። «ጣሪያችን እኮ ያፈሳል!»

እትዬ ሳቁ። ሩቲ ባለችበት ሁሉ እንደዚያ ይስቃሉ። ዓለምዘውድ ሳህኗን ይዛ ተነሣች።

በማግስቱ ሩቲ የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ፣ እስከ መንገዱ ጫፍ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ ወደ ኮረብታው ወጣች። ምንም ልትመረምር አልነበረም የሄደችው፤ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤት መጣች። ሜትሯ ከቁልፉ ጋር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ዓለሜ፣ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ክፍል አለኝ።»

«ቅቤው ግብር አይደለም። ድርሻ ነው።»

ዓለምዘውድ ቁጭ አለች።

ሀያቱ ለሩቲ እንደነገራት፣ ግብሩ በእህል ነበር የሚከፈለው፤ በስድሳ ሰባት አዋጅ ሲወጣ ቀረ። ቅቤው ግን አልቀረም፤ ከግብሩ ጋር አንድ ሆኖ አያውቅማ። በዘመቻው ጊዜ ከእነ ሀያቱ ቤት የሰባት ዓመት ልጅ ተወስዷል። ስሙን አይጠሩትም፤ «የሄደው» ነው የሚሉት። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ጠመንጃ ያነገተ፣ ማተብ ያሰረ ባሻ መጣ። ምረጥ ቢባል ከአገሩ ሁሉ ያንን ኮረብታ መረጠ። ለዐረፋ በሬ ታርዶ የየቤቱ መደብ ሲወጣ ደጃቸው ላይ መጥቶ ቆመ። ግባ ቢሉት አልገባም። በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «የእኔስ ድርሻ?» ማተቡን አይተው ሥጋውን እንደማይበላ ገባቸው። እናቱ በሕይወት ነበረች። ገብታ ቅቤ አወጣችለት። ከዚያ ወዲህ ልጅ አባቱን እየተካ፣ የሄደው ድርሻ በየዓመቱ ወደዚህ ቤት ወርዷል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለች ዓለምዘውድ።

«ጠይቀናቸው እናውቃለን? ሀያቱን ስጠይቀው፣ እናንተ የምታውቁ መስሎን ነው አለኝ። ድርሻ የሚቀበል ሰው የማን ድርሻ እንደሆነ አያውቅም ብሎ ማን ይጠረጥራል?»

«ባሻስ ለልጆቻቸው ለምን አልተናገሩም?»

ሩቲ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ወንድሞቹን ገባር ያደረገ ሰው ምን ብሎ ይንገራቸው?»

የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል። ዓለምዘውድ መንዝ ድረስ ሄዳ በብርድ ስትንቀጠቀጥ፣ መልሱ በዘንቢል ሆኖ በየዓመቱ ደጃቸው ድረስ ይመጣ ነበር። መታወቂያዋ ላይ ብሔር በሚለው መስመር የተጻፈውን አሰበች፤ በመምህራን ክበብ ለአምስት ዓመት «ነፍጠኛዋ» እያሉ የቀለዱባትን አሰበች። ያም ቢሆን ለአፍታ ነው። ወዲያው ወደ ሌላው ተመለሰች፦ ይህን ያገኘችው ሩቲ ናት። ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ዲግሪ፣ በሁለት ኪሎ ስኳር።

«የአባትየው ስም ማን ይባላል?»

«ሸረፋ።» ሩቲ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። «አንቺ ነሽ የምትጽፊው፤ እኔ ሁለት መስመር ስጽፍ ሦስት ቦታ እሳሳታለሁ። ቅዳሜ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አብረን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ ባዶውን ቦታ እይው፤ ይበቃው እንደሆነ።»

ዓለምዘውድ ቁልፉን ተቀበለች። ከሩቲ አንገት የወጣ ስለሆነ ይሞቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ቤተ ክርስቲያን፣ ሩቲ ገበያ ሆኑ። ዓለምዘውድ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ለማየት ብቻ ነው የከፈተችው ቢባል ውሸት ነው። ሰነድ አይነካም፣ አይታረምም፣ አይጻፍበትም እያለች በየዓመቱ የምታስተምር ሰው ናት። ቀዩን እስክሪብቶ ትታ ጥቁሩን መረጠች፤ ጥንቃቄዋ ያን ያህል ነበር። ብራናው እስክሪብቶውን አልቀበል ብሎ ስላንሸራተተው እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ደገመችው። ሸረፋ። ቦታው በልኩ የተሰፋለት ያህል በቃው።

እትዬ ሲገቡ ነጠላቸውን እንኳ እስኪያወርዱ አልታገሠችም።

«እትዬ፣ አገኘሁት!»

«ምኑን?»

ዳዊቱን ከፍታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ አዲሱ ቀለም ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሸረፋ» አሉ። ደግመው፣ «ሸረፋ።» አልደነገጡም። መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቴ ያንን ቅቤ ስትቀበል ተነሥታ ነበር የምትቀበለው። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር። ለግብር ማን ይነሣል?»

ዓለምዘውድ ጠበቀች። «ልጄ» እስኪሏት ነው የምትጠብቀው።

«ማን ነገረሽ?»

«ሀያቱ።»

«ሀያቱ ራሱ?»

«አዎ። ግብሩ ሌላ ነው፣ ቅቤው ድርሻ ነው አለኝ።»

«መቼ?»

«በቀደም።»

እትዬ ዳዊቱን ቀስ ብለው ዘጉት። «በቀደም» አሉ። «ከነቅቤው የመለስሽው ዕለት ነው፣ ወይስ ሩትዬ ልትክሰው ተራራ የወጣች ዕለት?»

ዓለምዘውድ እስክሪብቶውን መክደን ጀመረች።

ያኔ ሩቲ ገባች። በቀጠሮዋ ነው የመጣችው፤ የገበያ ቀን ሥራዋን ጥላ፣ አዲስ ዘንቢል ይዛ። የእትዬን ፊት አየች፤ ዳዊቱን አየች፤ ዓለምዘውድ እጅ ላይ የቀረውን እስክሪብቶ አየች።

«አብረን ነበር እኮ ያልነው» አለች።

እጇን ለቁልፉ ዘረጋች።

«ተይው» አሉ እትዬ። «ቁልፉ እዚያው ይሁን። ባዶውን የሞላ ይውሰደው ብያለሁ፤ ሞልታዋለች። የእኔ ቃል አንድ ነው።» ዳዊቱን አንሥተው ለዓለምዘውድ ሰጧት። «ውሰጂ፣ መምህርት።»

«እትዬ፣ እኔ ያልኩት…»

«ውሰጂ አልኩሽ።»

ወሰደችው። እንዳሰበችው ከባድ አልነበረም።

እትዬ ከዘራቸውን ፈለጉ። ሩቲ ነጠላውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለችላቸው፤ ከቁምሳጥኑ ስኳርና ሳሙና አውጥታ ዘንቢሉን ሞላችው።

«የት ልትሄዱ ነው?» አለች ዓለምዘውድ።

«ዘመድ ጋ» አሉ እትዬ። «እስካሁን እነሱ ሲወርዱ ኖረዋል። ዛሬ እኛ እንወጣለን።»

«ዳገቱን አይችሉትም እኮ፣ እትዬ!»

«ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ። ከዚያ ደግሞ» አሉ ከዘራቸውን እያሳዩ፣ «የባሻ ፈረስ ይኸውና።»

ሩቲ ሳትፈልግ ሳቀች።

«እኔም ልምጣ?»

እትዬ ዞር ብለው አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «አንቺማ ቤት ጠብቂ» አሉ። «ዳዊት ብቻውን አይተውም።»

ዳዊቱ ጭኗ ላይ ነበር፣ ቁልፉ እጇ ውስጥ። ዓለምዘውድ ግን የምታየው ሌላ ነው፦ እትዬ ደፉን ሲሻገሩ እጃቸው እንዴት ሩቲ ትከሻ ላይ እንዳረፈ፣ ሩቲም ሳትጠየቅ እንዴት ዝቅ እንዳለችላቸው። እትዬ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ሩቲ ዘንቢሉን ልታነሣ ተመለሰች፤ ቀና ብላ አላየቻትም። ክረምቱ ያሳበጠውን በር እንደ ልማዷ በጉልበቷ ደገፍ አድርጋ ከፍ አደረገችውና፣ ወጥታ ዘጋችው።